ከመቃብር በላይ የሚውል ስም በማን እጅ ይጠበቃል?



«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። አባባሉ እውነት መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የቦብ ማርሌ ምስል በሚኒባስ ታክሲ መስታወት ላይ ተለጥፎ፣ በልጆቻችን ካናቴራ ላይ ታትሞ እናየዋለን። ሰውየው ከሞተ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ካናቴራውን ከለበሱት ልጆች መካከል በሕይወት ሳለ ያየው አንድም የለም።

አባባሉ የማይነግረን ነገር ግን አለ። ስም በራሱ ከመቃብር በላይ አይውልም፤ የሚያውለው ሰው ያስፈልገዋል። ብዙዎች ዝናውን ያመጣው አሟሟቱ ነው ይላሉ። በወጣትነቱ የተቀጨ ሰው አያረጅም፣ ድምፁ አይሻክርም፣ ጉድለቱንም ሙት ወቃሽ ላለመባል የሚያነሣው የለም። ይህ በከፊል እውነት ነው። ይሁን እንጂ ተሰጥኦ ኖሯቸው በወጣትነታቸው የሞቱ ሰዎች ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ አብዛኞቹም ተረስተዋል። ያልተረሱትን ጠጋ ብለን ስንመለከት ከኋላቸው ለዓመታት የሠራ ሰው እናገኛለን። ብዙ ጊዜም ያ ሰው ሚስት፣ እኅት፣ እናት ወይም ሴት ልጅ ናት።

በዚህ ጽሑፍ የሦስት ቤተ ሰቦችን ታሪክ እናቀርባለን። ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዮሐና የሒሳብ ደብተር

ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎግ በ1890 በፈረንሳይ አገር ሲሞት ዕድሜው 37 ነበር። በሕይወቱ ሳለ ሥዕሎቹ ገበያ አላገኙም፤ ኑሮውን የሚደጉመው ታናሽ ወንድሙ ቴዎ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ቴዎም ሞተ። በመቶዎች የሚቆጠሩት ሥዕሎችና የታሰሩት ደብዳቤዎች ሁሉ በቴዎ ሚስት በዮሐና ቦንገር እጅ ቀሩ። ዮሐና ያን ጊዜ የ28 ዓመት ሴት ነበረች። ትዳር ከያዘች ሁለት ዓመት አልሞላትም፤ ያቀፈችው ልጅም ገና አንድ ዓመት አልደፈነም።

ዮሐና ወደ አገሯ ተመልሳ ቡሱም በምትባል ከተማ ቤት ተከራየች። ክፍሎቹን ለእንግዶች እያከራየች፣ ተከራዮቿንም እየመገበች ልጇን አሳደገች። ማንም የማይገዛቸውን ሥዕሎች በዚያው ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀለቻቸው። ከጉልበት ሥራዋ በተረፋት ጊዜ ሁለቱ ወንድማማቾች የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎች እያነበበች በቅደም ተከተል አደራጀች። የሸጠችውንም ሥዕል በሒሳብ ደብተር መዘገበች። ያ ደብተር ዛሬም አለ፤ ተመራማሪዎች የትኛው ሥዕል መቼና በስንት እንደተሸጠ የሚያውቁት ከእርሱ ነው።

ሥዕሎቹን በአንድ ጊዜ አልበተነቻቸውም። ጥቂት በጥቂት ትሸጣለች፣ ለዐውደ ርእይ ታውሳለች፣ የተሻሉትን ታስቀራለች። በ1905 በአምስተርዳም ከ480 በላይ ሥራዎች የታዩበት ትልቅ ዐውደ ርእይ አዘጋጀች። በ1914 ደብዳቤዎቹን አሳተመች። «የሱፍ አበቦች» የተባለውን ሥዕል በ1924 ለለንደኑ ብሔራዊ ቤተ ሥዕል የሸጠችውም እርሷ ናት። በ1925 ስትሞት ደብዳቤዎቹን ወደ እንግሊዝኛ በመተርጎም ላይ ነበረች። ልጇ የቀሩትን ሥዕሎች ጠብቆ አቆየ፤ በ1973 የቫን ጎግ ሙዚየም በአምስተርዳም ተከፈተ።

ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ድሀውንና ብቸኛውን ሠዓሊ ነው። ሠዓሊውን ዓለም እንዲያውቀው ያደረገችው ግን ክፍል እያከራየች የኖረች አንዲት ባል የሞተባት ሴት ናት።

ኑዛዜ ያልተወው ቦብ ማርሌ

ቦብ ማርሌ በጃማይካ በ1945 ተወልዶ ግንቦት 11 ቀን 1981 በማያሚ ከተማ በካንሰር ሞተ። ዕድሜው 36 ነበር። ከእኛ አገር ጋር ያለው ትስስር የታወቀ ነው። «ዋር» የተባለው ዘፈኑ ግጥም የተወሰደው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ካደረጉት ንግግር ነው። በ1978 ኢትዮጵያን ጎብኝቶ ሻሸመኔ ድረስ ሄዷል። ከመሞቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል። የቀብሩ ጸሎት በኪንግስተን ከተማ የተፈጸመው በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ነው።

ባለቤቱ ሪታ የቤት እመቤት ብቻ አልነበረችም። አይ ትሪስ በሚባለው የሦስት ሴቶች ቡድን ውስጥ ከእርሱ ጋር ትዘፍን ነበር። በታኅሣሥ 1976 ታጣቂዎች ቤታቸው ገብተው ሲተኩሱ ጥይት ጭንቅላቷን መትቷት ተርፋለች።

ቦብ ሲሞት ኑዛዜ አልተወም። የራስ ተፈሪ እምነት ተከታዮች ስለ ሞት መነጋገርን እንደማይወዱ ይነገራል። በእኛም ዘንድ ቢሆን ጤነኛ ሰው ስለ ኑዛዜ ቢያነሣ «ምን ያሟርትብናል?» ይባላል። ቦብ ከሪታ የወለዳቸውም፣ ከሌሎች ሴቶች የወለዳቸውም ልጆች ነበሩት፤ በጃማይካ ሕግ መሠረት ውርሱ የሚስቲቱና የልጆቹ ሁሉ ሆነ። ኑዛዜ ስላልነበረ ግን የእያንዳንዱን ዘፈን መብትና የእያንዳንዱን ድርጅት ባለቤትነት በክርክር ማጣራት ግድ ሆነ። በሰነዶች ላይ በተነሣ ክርክር ምክንያት የውርሱ አስተዳዳሪነት ከሪታ እጅ ወጣ። ጉዳዩ አሥር ዓመት ያህል በፍርድ ቤት ተጓተተ።

ዝናው ከፍ ያለው በእነዚሁ የክርክር ዓመታት መሆኑ ያስገርማል። የምርጥ ዘፈኖቹ ስብስብ የሆነው «ሌጀንድ» በ1984 ወጥቶ ከሬጌ አልበሞች ሁሉ በሽያጭ የሚስተካከለው ጠፋ። ዘፈኑ በዓለም ሁሉ ይሸጣል፤ ቤተ ሰቡ ግን ገንዘቡ የማን እንደሆነ በዳኛ ፊት ይሟገታል። ሪታ በዚያ ሁሉ መካከል መኖሪያና ስቱዲዮ የነበረውን የሆፕ ሮድ ቤት በ1986 ሙዚየም አደረገችው። ስልሳኛ የልደት በዓሉ በየካቲት 2005፣ በእኛ ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ ሲከበር ሪታና ልጆቹ አዲስ አበባ መጥተው ዘፍነዋል። ያን ቀን አደባባዩ በሕዝብ ተሞልቶ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን።

የሴሌና ቡቲክና በሐዘን ጊዜ የተፈረመው ወረቀት

ሦስተኛዋ ሴሌና ኪንታኒያ ናት። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ከሜክሲኮ አሜሪካውያን ቤተ ሰብ በ1971 ተወለደች። በልጅነቷ ከወንድሟና ከእኅቷ ጋር በቤተ ሰብ ባንድ መዝፈን ጀመረች፤ እኅቷ ሱዜት ከበሮ መቺዋ ነበረች። በ1994 የግራሚ ሽልማት አገኘች፤ ራሷ የምትነድፋቸውን ልብሶች የምትሸጥባቸው ቡቲኮችም ከፈተች።

መጋቢት 31 ቀን 1995 ተገደለች። 24 ዓመት ሊሞላት ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቷት ነበር። የገደለቻት የአድናቂዎቿን ክበብ የምትመራውና ቡቲኮቹን የምታስተዳድረው ሴት ናት። ቤተ ሰቡ ከክበቡና ከሱቆቹ ገንዘብ መጉደሉን ደርሶበት ሒሳቡን መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ሁሉም ነገር በአንድ ሰው እጅ ነበር፤ የአባልነት ክፍያው፣ ቼኩ፣ የባንክ ወረቀቱ፣ እምነቱም ጭምር።

ከሞተች ከጥቂት ወራት በኋላ የወጣው አልበሟ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ በአንደኛነት ገባ። በ1997 በሕይወቷ ላይ ፊልም ተሠራ፤ በ1998 በኮርፐስ ክሪስቲ ከተማ ሙዚየም ተከፈተ። እኅቷ ከበሮውን ትታ የሙዚየሙ ጠባቂ ሆነች።

በዚህም ቤት ውስጥ ወረቀት ነገር አምጥቷል። ሴሌና በሞተች ሰሞን ባሏ የስሟን፣ የድምፅዋንና የምስሏን መብት ለአባቷ የሚያስተላልፍ ስምምነት ፈርሞ ነበር። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ በዚያው ፊርማ ምክንያት አማቹና ባልየው በፍርድ ቤት ተካሰሱ፤ የታረቁት በ2021 ነው። በሐዘን ድንኳን ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ሐዘኑ ከበረደም በኋላ ይሠራል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በአገራችንም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ባዶ እግሩን ሮጦ፣ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ ደግሞ አሸንፎ ዓለምን አስደነቀ። በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ በ1973 በ41 ዓመቱ ዐረፈ። የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ ያቆየችልን አንዷ የገዛ ልጁ ጽጌ አበበ ናት።

እነዚህን ታሪኮች በማኅበራችን መጽሔት ላይ የጻፍነው የዝነኞች ወሬ ለማውራት አይደለም። እኛ አልበም የለንም፣ ሥዕል የለንም። ቤት፣ ጉሊት፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የዕቁብ ድርሻ፣ የቁጠባ ደብተር ግን አለን። ከመካከላችን ዮሐና በነበረችበት ዕድሜ ባሏን የቀበረች፣ ሕፃን ያቀፈች አለች። የእርሷም ጥያቄ ያው ነው፤ የተለፋበት ነገር በማን እጅ ይቀራል?

እዚህ ላይ እያንዳንዷ አባል ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ። በጃማይካ ሪታ ኑዛዜ ባይኖርም በሕግ ድርሻ ነበራት። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሚስትም ሆነች ባል ያለ ኑዛዜ ከሚወርሱት ዝርዝር ውስጥ አይገኙም። በትዳር ውስጥ ከተፈራው የጋራ ንብረት ግማሹ የሚስት ነው፤ ይህ ውርስ ሳይሆን የራሷ ድርሻ ነው። የባሏ ግማሽ ግን ኑዛዜ ካልተወ ለልጆቹ፣ ልጆች ከሌሉት ለወላጆቹ ይተላለፋል። ልጅ ሳይወልዱ ብዙ ዓመት አብረው ለፍተው ያፈሩ ጥንዶች ይህን ሳያውቁ ከቀሩ፣ ሚስት በስተርጅና ከባሏ ዘመዶች ጋር ቤት ልትካፈል ትችላለች።

ኑዛዜ ማድረግ የሀብታም ሥራ አይደለም። መጻፍ የምትችል ሰው ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ጠቅሳ፣ ሙሉውን በገዛ እጇ ጽፋ፣ በየገጹ ቀን አስፍራ ትፈርማለች። መጻፍ የማትችል ደግሞ ቃሏን ታስጽፋለች፤ ጽሑፉ በእርሷና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብና ሁሉም ይፈርማሉ። ከዚያ በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር ይጠቅማል። በለቅሶ ሰሞን «እዚህ ጋ ብቻ ፈርሚ» ለሚል ሰው መልሱ «አርባው ይውጣ፣ አስነብቤ ልምጣ» ነው።

ለማኅበራችንም ትምህርቱ አንድ ነው። ደብተራችንን አንዲት ሴት ብቻ አትይዘውም። ገንዘብ ያዥ ሌላ፣ መዝጋቢ ሌላ፣ መርማሪ ሌላ መሆናቸው አለመተማመን አይደለም። ሒሳቡ በየወሩ ጮክ ተብሎ የሚነበበው ለአባላቱና ለደጋፊዎቻችን ብቻ ሳይሆን ደብተሩን ለያዘችው እኅታችንም ጥበቃ ነው፤ በንጹሕ እጇ ላይ ሐሜት እንዳያርፍ።

በለጋነት የመጣ ሞት የሰውን ልብ ይነካል፤ ልብ የተነካ ሕዝብም ያለቅሳል፣ ይዘፍናል፣ ምስል ይለጥፋል። የለቅሶው ሰሞን ካለፈ በኋላ ግን የሚቀረው የተጻፈውና የተጠበቀው ነው። ዮሐና ቦንገር ሥዕል አልሣለችም፤ ደብተር ያዘች። እኛም ደብተር መያዝ እንችላለን።