አታሚና አሳታሚ፦ ከሮሙ አዲስ ኪዳን እስከ ድኅረ ምረቃ ትምህርት



በአማርኛ «አታሚ» እና «አሳታሚ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። በሥራው ዓለም ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው። አታሚ የተሰጠውን ጽሑፍ በወረቀት ያባዛል፤ አሳታሚ የትኛው ጽሑፍ፣ በምን መልክ፣ ለማን፣ በማን ገንዘብ እንደሚወጣ ወስኖ ኃላፊነቱን ይሸከማል። ይህ ሁለተኛው ሙያ በዩኒቨርሲቲ ሊጠና ይገባዋልን? መልሱን ከሩቅ ዘመን ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1513 ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል በሮም አሳተመ። ከ35 ዓመታት በኋላ፣ በ1548 እና በ1549፣ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያችው ከተማ፣ በኢትዮጵያውያን መኖሪያ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀምጠው፣ የግእዙን አዲስ ኪዳን ከባልደረቦቻቸው ጋር ለኅትመት አበቁ። የሠሩትን ልብ በሉ። የብራና ቅጂ አሰባሰቡ። በእጃቸው የነበረው የሐዋርያት ሥራ ጎደሎ ስለነበር የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው ሞሉ። ወጪውን የሚሸፍኑ ደጋፊዎች ፈለጉ። የፊደል ለቀማውንም ተከታተሉ።

ሆኖም በዚያው መጽሐፍ ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ የሚያትሙት ሰዎች ግእዝ ማንበብ፣ እነርሱ ደግሞ ማተም አያውቁም ነበር። የአሳታሚነት ትምህርት ሊፈታው የሚነሣው ችግር ከዚህ ይቅርታ በተሻለ ተገልጾ አላየሁም።

ችግሩ አላረጀም። የመጀመሪያ መጽሐፌን ይዤ ወደ አንድ ማተሚያ ቤት በሄድሁ ጊዜ አራሚውም፣ ወጪ ሸፋኙም፣ አከፋፋዩም እኔው ነበርሁ። የግርጌ ማስታወሻዎቹ ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ በአንድ ቁጥር ተዛንፈው መታተማቸውን ያየሁት ቅጂዎቹ ከተጠረዙ በኋላ ነው። ሠራተኞቹ የተሰጣቸውን አተሙ፤ እኔም የማውቀውን ጻፍሁ፤ በመካከላችን የቆመ ሰው ግን አልነበረም።

ሀገራችን ማተሚያ አጥታ አይደለም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከተቋቋመበት ከ1914 ዓ.ም. ወዲህ አንድ መቶ ዓመት አልፏል። በደርግ ዘመን በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት እንደ አማረ ማሞ ያሉ ስመ ጥር አርታኢያን ሠርተዋል። ነገር ግን በሥራ ላይ ብቻ የተቀሰመ ዕውቀት ድርጅቱ ሲዳከም ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። ለተተኪው የሚያቆየው ሥርዓተ ትምህርት ነው።

ሌላው ዓለምም ሙያውን ለረጅም ዘመን ያስተማረው በልምምድ ነበር። በአሜሪካ ራድክሊፍ ኮሌጅ አጭር ሥልጠና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1947፣ የስኮትላንዱ ስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲ የኅትመት ጥናት ማዕከሉን ያቋቋመው በ1982 ነው። በአፍሪካም በጋና የኩማሲው ክዋሜ ንክሩማ ዩኒቨርሲቲ፣ በኬንያ ሞይ ዩኒቨርሲቲ ዘርፉን ያስተምራሉ። በእንዲህ ዓይነት መርሐ ግብር ተማሪው አርትዖትን፣ የመጽሐፍ ዝግጅትን፣ የቅጂ መብትን፣ የወጪ ስሌትንና ገበያን አጣምሮ ያጠናል። ሲመረቅ አርታኢ፣ የኅትመት ዝግጅት ኃላፊ፣ የትርጉም መብት ሻጭ፣ የደራሲ ወኪል ወይም የጥናታዊ መጽሔት አዘጋጅ ሊሆን ይችላል። አባ ተስፋ ጽዮን ደርበው የተሸከሙት ሥራ ዛሬ በእነዚህ ሙያዎች ተከፋፍሏል። አንድ ነገር ግን አልሸሽግም፤ ዲግሪው ብቻውን ሥራ አያስገኝም፤ በአሜሪካና በእንግሊዝ እንኳ የጀማሪ አርታኢ ደመወዝ አነስተኛ ነው።

እንደዚያም ሆኖ አስፈላጊነቱ በራሳችን ቤት ይታያል። የሥነ ጽሑፍ፣ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎቻችን ጽሑፍን መመርመር ይችላሉ፤ የአንድን መጽሐፍ ወጪ ግን አስልተው አያውቁም። ብዙ የማስተርስና የዶክትሬት ጥናቶች ለመጽሐፍነት ሳይበቁ በመደርደሪያ ይቀራሉ። ስለዚህ በአንድ ሴሚስተር ኮርስ እንጀምር እላለሁ፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከመደርደሪያው አንድ ጥናት መርጦ፣ ከጸሐፊው ጋር ተስማምቶ፣ ለአንባቢ የሚበቃ መጽሐፍ አድርጎ ያዘጋጅ። ይህን ካላደረግን ከ470 ዓመታት በላይ ያስቆጠረውን የአባ ተስፋ ጽዮንን ይቅርታ እኛም መድገማችን አይቀርም።