ከመድን ጣሪያ በላይ፦ በዱከም አስፋልት ላይ የተጎዳ ሰው ምን ይገባዋል?

ዱከም ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ አሮጌው የአዳማ መንገድ መሀል ለመሀል የሚሰነጥቃት ከተማ ናት። ፈጣኑ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ በኋላም አሮጌው ሥራ አልፈታም። ቁርጥ ቤቶቹ ደጃፍ መኪና ይቆማል፣ ባጃጅ ይዞራል፤ ከምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ፈረቃ የጨረሱ ሠራተኞች ሲሻገሩ የጂቡቲ ተሳቢዎች በአጠገባቸው ያልፋሉ። እዚህ መኪና የገጨው ሰው ካሳ የሚጠይቅበት በር ከአንድ በላይ ነው። ብዙዎች ግን የመጀመሪያውን ብቻ አንኳኩተው ይመለሳሉ።

የመጀመሪያው በር የሦስተኛ ወገን መድን ነው። ብሪታንያ ይህን መድን ግዴታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1930 ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ደነገገችው፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተካችው። በ2005ቱ አዋጅ ለአንድ ሰው ሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለድንገተኛ ሕክምና እስከ 2,000 ብር ተወሰነ። መኪናው ገጭቶ ካመለጠ ወይም መድን ከሌለው የመድን ፈንድ ይተካል፤ ተጎጂው ታርጋ ባለመያዙ ብቻ ባዶ እጁን አይቀርም።

ዋናው ስህተት የሚፈጠረው ከዚህ በኋላ ነው። የመድን ጣሪያ፣ ኋላ ላይ ወደ ላይ ቢሻሻልም፣ የኩባንያው ዕዳ ወሰን እንጂ የተጎጂው መብት ወሰን አይደለም። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ እግሩ ተሰብሮ ዓመት ቢተኛ፣ ያጣው ደመወዝ ብቻ 72,000 ብር ይሆናል። መድኑ 40,000 ከከፈለ ቀሪውን ማን ይሸፍን? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መልስ አለው። አንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል፤ አንቀጽ 2091 ደግሞ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል። ፍሬን ተበጠሰ ወይም ያልፈቀድኩለት ሰው ነዳው ማለት ባለቤቱን አያድነውም። መኪናው ተሰርቆ ከነበረ፣ ወይም ጥፋቱ በሙሉም ሆነ በከፊል የተጎጂው ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ለዱከም ልዩ ትርጉም ያለው ሌላ በርም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ድርጅቱ ባቀረበው ወይም ለዚሁ በተከራየው ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የተጎዳ ሠራተኛ በሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠራል። ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ ከሆነ፣ መድን የሌለው አሠሪ የሚከፍለው የሠራተኛውን የዓመት ደመወዝ አምስት እጥፍ ነው። በእግሩ አስፋልት ሲሻገር የተገጨው ባልደረባው ይህ ድንጋጌ አይደርሰውም። በአንድ የፋብሪካ በር የወጡ ሁለት ሰዎች እንዲህ መለያየታቸው በሕጉ ጎልቶ የሚታይ ክፍተት ነው። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ጥፋተኛው ማን ነው ሳትል የተጎዳን ሁሉ ከአንድ ቋት በመካስ ይህን መሰሉን ልዩነት በእጅጉ አጥብባዋለች።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የኅሊና ጉዳት ካሳ ነው። አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ገድቦታል። ልጇን በአደጋ ላጣች እናት በ1952 የተቆረጠው ልክ ዛሬም ያው ነው። በዚያ ዘመን 1,000 ብር ክብደት ነበረው፤ ዛሬ ግን የለቅሶ ድንኳን ኪራይ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ይህን አንቀጽ ማሻሻል የሕግ አውጪው የቆየ ዕዳ ነው።

በተግባር ግን ብዙ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ያልቃል። ሽማግሌ ይገባል፣ የቀብርና የሕክምና ወጪ ይሰጣል፣ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ይፈረማል። ዕርቁ ክቡር ነው፤ ነገር ግን የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መቶኛ ሳይወስን የተፈረመ ወረቀት ኋላ የሚመጣውን ቀዶ ሕክምና አስቀድሞ ይሸጣል። የትራፊክ ፖሊስ የአደጋ ፕላን፣ የሕክምና ደረሰኝና የደመወዝ ማስረጃ ከፊርማው በፊት መሰብሰብ አለባቸው። ለመክሰስ የተሰጠው ጊዜ፣ ጉዳዩ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ካልሆነ በቀር፣ ሁለት ዓመት ነው። የሚቆጠረውም ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ነው፤ ተጎጂው አልጋ ላይ የተኛባቸው ወራትም እዚያው ውስጥ ይታሰባሉ።