ማረሻውን ማን ሠራው?



ሰሞኑን አንድ ተማሪዬ የነበረ ልጅ በውስጥ መስመር ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ ሴባስቶፖል ከብረት ነው አይደል የተሠራው? ያኔ ብረት ማቅለጥ ከቻልን ለምን ቀረ?» መልሱ ዞር ያለ ስለሆነ እዚሁ ልጻፈው።

ሴባስቶፖል ነሐስ ነው። ነሐስ 950 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ንጹሕ ብረት ግን 1538 ዲግሪ ይፈልጋል። በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ለአፄ ቴዎድሮስ የተሠራውና በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው፣ ወደ 7 ቶን የሚጠጋው መድፍ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነሐስ ነው።

«ታዲያ የገበሬው ማረሻስ?» ትሉ ይሆናል። እሱማ ብረት ነው። ግን አባቶቻችን ብረቱን ሳያቅልጡት ነው ያወጡት! እንዴት መሰላችሁ፤ ቀዩን የብረት አፈር ከከሰል ጋር በጭቃ ምድጃ ውስጥ ይደረድራሉ፣ በወናፍ ይነፋሉ። ሙቀቱ 1200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክስጅኑን ከአፈሩ ይነጥቃል። ቆሻሻው ቀልጦ ይወርዳል፤ ብረቱ ግን እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ጓል ሆኖ ይቀራል። ያንን እያጋሉ ደጋግመው ሲቀጠቅጡት ቆሻሻው ተፈናጥሮ ይወጣና ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ይሆናል። «ቀጥቃጭ» የሚለው ስም ራሱ ሥራውን ይነግራችኋል። (በነገራችን ላይ፣ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ የተኛን ሰው የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። ክረምት ላይ አደራ!)

ይህን ኬሚስትሪ ያለ መጽሐፍ፣ የፍሙን ቀለም በዓይኑ እያየ የሚሠራውን ሰው ግን ምን አልነው? «ቡዳ» አልነው። እኔም ልጅ ሆኜ ማረሻ ለማስቀጥቀጥ ስላክ «እዚያ ቤት ውሃ እንኳ እንዳትጠጣ» ተብዬ ነው የምሄደው። ሴትየዋ ቆሎ ዘግና ስትሰጠኝ እምቢ ብዬ እጄን ወደ ኋላ የደበቅሁበት ቀን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የእሳቸውን ማረሻ ተሸክሜ ሄጄ፣ በእሱ የታረሰውን እህል እየበላሁ!

በጎንደር አካባቢ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎችም ይህንኑ ስም ተሸክመው ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ተነገረ፤ አፋችን ግን አልተዘጋም።

እንግዲህ «ለምን ቀረ?» ላልከኝ ልጅ፦ አንዱ ምክንያት ተዘጋጅቶ ከውጭ የሚገባው ብረት ከአፈር ማውጣትን አድካሚና የማያዋጣ ማድረጉ ነው። ዛሬ ቀጥቃጩ የሚያግለው የመኪና ባሌስትራ ነው። ሌላው ምክንያት ግን ከእኛ ነው። ሙያውን እየፈለግን ባለሙያውን ናቅን፤ የተናቀ ሰው ደግሞ ልጁ ሙያውን እንዲወርስ አይመኝም።

ብረት እርጥበትና አየር ሲያገኘው ይዝጋል፤ ወደ መጣበት አፈር ይመለሳል። ሙያም ክብር ሲያጣ እንደዚያው ነው።

ቤተሰባችሁ ውስጥ ቀጥቃጭ የነበረ ካለ፣ ሳታፍሩ ስሙን ከታች ጻፉልኝ። እኔ በኩራት አነበዋለሁ።