ታንኳ በየቀኑ ይጠገናል

የጎንደር ታሪክ ሲባል የሁላችንም ዓይን ግንቡ ላይ ነው። እኔም ክፍል ስገባ የምጀምረው ከፋሲል ግንብ ነው። ዛሬ ግን ዓመት እንኳ ስለማይቆይ ነገር ላውራችሁ፤ ስለ ጣና ታንኳ።

ታንኳ ከደንገል ነው የሚሠራው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ ተጠቅልሎ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ምስማር የለ፣ ሳንቃ የለ። ደንገል ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ችግሩ ውኃ መጠጣቱ ነው። ስለዚህ ባለታንኳው ከሐይቁ ሲወጣ ሥራው አላለቀም። ታንኳውን ጎትቶ ያወጣል፣ አቁሞ ፀሐይ ያስመታዋል። የላላ እስር ካለ ያጠብቃል፣ ከውስጥ የተነጠፈው ደንገል ከበሰበሰ በደረቅ ይተካዋል። ይህን ቸል ካለ ታንኳው ይከብዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ተጠንቅቆም ቢይዘው ከጥቂት ወር በኋላ አዲስ መሥራቱ አይቀርም።

«ገመድ ማጥበቅ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል ካለ ይህን ይስማ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሳ። ደንገሉ የተወሰደው ከየት መሰላችሁ? ከእኛው ጣና! በ1961 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1969) «ራ» የተባለችው ጀልባ ከሞሮኮ ተነሳች። በጥንት ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ የጀልባውን ቆልማማ ጭራ ወደ ወለሉ ወጥሮ የሚይዝ ገመድ ይታያል። የዚያ ገመድ ጥቅም ሳይታወቅ ቀረ። ጭራዋ ውኃ ውስጥ ገባ፣ እስሩም እየተፈታ ሄደ፤ ባርባዶስ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ጥለዋት ወጡ። በዓመቱ ስህተቱን አርመው በ«ራ 2» ሞከሩ፤ በ57 ቀን ባርባዶስ ገቡ። ደንገሉማ ያው ደንገል ነው። ልዩነቱ አስተሳሰሩ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በጣና ዳር በዚህ ሙያ ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ጀምስ ብሩስ በ1770ዎቹ (በፈረንጆቹ) ጎንደር በነበረበት ዘመን የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው ጽፏል። ዛሬ ያ ቋንቋ የለም፤ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ክርስቲያኑም እስላሙም ሲርቃቸው ኖሯል። በታንኳቸው እየተሻገርን፣ እህላችንንና እንጨታችንን እየጫንን፣ ማዕዳቸውን ግን ተጸየፍን። ይህን እኛ የታሪክ መምህራን እንኳ ክፍል ውስጥ አናነሳውም።

ግንብ ሠሪው ቢሞት ግንቡ ይመሰክርለታል። ታንኳ ግን ፍርስራሽ አይተውም። ለዘመናት የቆየው አባት ለልጁ እጁን ይዞ ስላሳየው ብቻ ነው። አንድ ትውልድ ካላስተማረ በጥቂት ወር ውስጥ የመጨረሻው ታንኳ ይበሰብሳል፤ ከዚያ በኋላ ሥዕሉን እያየን «ይቺ ገመድ ለምን ነበረች?» ማለታችን ነው።

ጎርጎራ የምትወርዱ ተማሪዎቼ፣ ፎቶ ከመነሳታችሁ በፊት ባለታንኳውን «እንዴት ዋላችሁ» በሉና እስሩን ያሳያችሁ። የሰማችሁትን እዚህ ጻፉልኝ፤ ለቀጣዩ ክፍል አስተምርበታለሁ።