ሁለት ሦስተኛ፦ የካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶችና የቦንድ ድምፅ ታሪክ

ቦንድ ሲባል በእኛ አገር የብዙው ሰው ሐሳብ ወደ ህዳሴው ግድብ ይሄዳል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ቦንድ ሸጠ፣ ዜጋው ገዛ፤ ገዢው አበዳሪ ሆነ። በአሜሪካ የአካባቢ ትምህርት ቤት ቦንድ ግን የዜጋው ድርሻ ሌላ ነው። ቦንዱን በአብዛኛው የሚገዙት ከወለዱ ላይ የፌዴራል የገቢ ግብር የማይከፈልበት መሆኑን የሚወዱ ባለገንዘቦችና የገንዘብ ተቋማት ናቸው። ዜጋው የሚጠየቀው ዕዳውን ይሸከም እንደሆነ ነው። ድምፅ ሰጪው እሺ ካለ፣ በትምህርት ወረዳው ውስጥ ያለ ቤትና ሕንፃ ሁሉ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ተጨማሪ የንብረት ግብር ይከፍላል፤ በተገኘው ብድር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ይቀየራል፣ ቤተ ሙከራው ይታደሳል።

ጉዳዩ የገንዘብ ይመስላል። እኔ ግን የካሊፎርኒያን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ከገንዘቡ ይልቅ አንድ ሌላ ጥያቄ ይጎላብኛል፦ ለመሆኑ አንድ ትምህርት ቤት ይታደስ ዘንድ ስንት ሰው እሺ ማለት አለበት?

እ.ኤ.አ. የ1879 የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት የአካባቢ አስተዳደሮች ከዓመት ገቢያቸው በላይ ዕዳ ውስጥ እንዳይገቡ ሲከለክል አንድ መውጫ ብቻ ተወ፤ እርሱም የመራጩ ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ነው። ከተሞችና አውራጃዎች በየዘመኑ ያለ ቅጥ እየተበደሩ መክሰራቸውን ላየ ትውልድ ጥንቃቄው የሚያስገርም አልነበረም። ሒሳቡን ግን ልብ ማለት ይገባል። ሁለት ሦስተኛ የሚል ሕግ ባለበት አንድ የእምቢታ ድምፅ ከሁለት የእሺታ ድምፅ ጋር እኩል ይመዝናል። በሌላ አነጋገር፣ ሐሳቡን የሚቃወመው ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ተፈጥሮ የራሷን ሸክም ጨመረችበት። መጋቢት 10 ቀን 1933 እ.ኤ.አ. ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት የሎንግ ቢች አካባቢ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታ። በርካታ ትምህርት ቤቶች ፈራረሱ። ተማሪዎቹ ቀደም ብለው ወደ ቤታቸው ሄደው ነበር እንጂ የሟቾቹ ቁጥር እጅግ በከፋ ነበር። በወሩ የፊልድ ሕግ ተብሎ የሚታወቀው ድንጋጌ ጸደቀ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግንባታ በክፍለ ግዛቱ መሐንዲሶች ቁጥጥር ሥር ዋለ። በሎስ አንጀለስ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የምትባለው ሰፈር ያለችበት የፌርፋክስ ጎዳና ወደ ሰሜን ሲዘልቅ የሚገኘውን የፌርፋክስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያውቁ አንባቢያን ይኖራሉ። በ1924 የተከፈተው ይህ ትምህርት ቤት በ1960ዎቹ አብዛኛው ሕንፃው ፈርሶ እንደ አዲስ የተሠራው የመሬት መንቀጥቀጥ መመዘኛውን ስላላሟላ ነበር። ሕጉ በጎ ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ግዴታውን ያወጣው ክፍለ ግዛቱ ሲሆን፣ ከፍተኛውን ወጪ መሸከም የነበረባቸው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ መለመን ያለባቸው ወረዳዎች ነበሩ።

ከዚያ 1978 መጣ። ሃዋርድ ጃርቪስና ፖል ጋን ያቀረቡት ፕሮፖዚሽን 13 የንብረት ግብርን ከንብረቱ ግምት 1 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበው፤ ግምቱም ንብረቱ እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ከለከለ። ስለዚህ ሕግ ብዙ ተጽፏል፤ በእኛ ርዕስ ግን ውጤቱ አጭር ነው። ሁለት ሦስተኛ ቢገኝ እንኳ ለአዲስ ቦንድ ሲባል ከ1 በመቶ በላይ ግብር መጣል ስለማይቻል፣ የአካባቢ ትምህርት ቤት ቦንድ ለስምንት ዓመታት በሩ ተዘጋበት። በ1986 ፕሮፖዚሽን 46 በሩን መልሶ ከፈተው፤ መስፈርቱ ግን ያው ሁለት ሦስተኛ ነበር። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልሆነልኝም። ፕሮፖዚሽን 13 ራሱ የጸደቀው በ65 በመቶ ገደማ ድምፅ ነው፤ ለሌሎች ልዩ ግብሮች የደነገገውን የሁለት ሦስተኛ መስፈርት እርሱ ራሱ አያሟላም ነበር።)

ይህ ሁሉ በተማሪው ላይ ምን ማለት እንደነበር ለማየት ሎስ አንጀለስ ትበቃለች። ከተማይቱ ሕዝቧ እየጨመረ ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል አዲስ መደበኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳትከፍት ቆየች። መፍትሔ ተብሎ የተወሰደው በግቢዎቹ ተንቀሳቃሽ ክፍሎችን መደርደርና ተማሪውን በፈረቃ ዓመቱን ሙሉ ማስተማር ነበር። ኮንሴፕት 6 በተባለው ፈረቃ ተማሪው በዓመት የሚማረው 163 ቀን ብቻ ነው፤ በሌላው ትምህርት ቤት ግን 180 ቀን ነበር። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ተጨምሮ ይካካሳል ተባለ። መምህር የሆነ ሰው አሥራ ሰባት ቀን በደቂቃ ተካክሶ እንደማያልቅ ያውቃል። በኅዳር 1996 ለእድሳትና ለግንባታ የ2.4 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ለመራጩ ቀረበ። ሰፊው አብላጫ ደገፈው፤ ሆኖም ሁለት ሦስተኛው ለጥቂት ስለጎደለ ወደቀ። በሚያዝያ 1997 ያው ሐሳብ ተመልሶ ቀርቦ በ71 በመቶ ገደማ አለፈ። በሁለቱ ምርጫዎች መካከል የጣሪያዎቹ ማፍሰስ አልቆመም።

በ2000 ሁለት ሙከራዎች ተደረጉ። በመጋቢት የቀረበውና መስፈርቱን ወደ ግማሽ ሊያወርድ የፈለገው ፕሮፖዚሽን 26 ወደቀ። በኅዳር የቀረበው ፕሮፖዚሽን 39 ደግሞ 55 በመቶ ብሎ መሐል ላይ ቆመና አለፈ፤ ያለፈውም በ53 በመቶ ገደማ ነው፤ የራሱን 55 አላገኘም! ለቅናሹ የተከፈለ ዋጋ ግን አለው። ወረዳው የሚሠራቸውን ሥራዎች ዘርዝሮ ማቅረብ፣ በየዓመቱ ኦዲት ማስደረግ፣ የዜጎች ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ማቋቋም ይገደዳል። ገንዘቡ ለደመወዝ አይውልም። በመሆኑም ወረዳው በቦንድ ያማረ ቤተ መጻሕፍት መሥራት ይችላል፤ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ግን በዚያ ገንዘብ መቅጠር አይችልም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለክርክሩ ጥሩ ማስረጃ ነው። የሎስ አንጀለስ መራጭ በ2002፣ በ2004፣ በ2005 እና በ2008 ተራ በተራ ቦንድ አጸደቀ፤ የ2008ቱ ብቻ 7 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከ130 በላይ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ተገነቡ፤ ኮንሴፕት 6ም ቀረ።

ተቃዋሚዎቹ ግን ከንቱ አልተናገሩም። አንደኛው ሙግታቸው ድምፁን ተከራዩም ይሰጣል፣ ግብሩን ግን ባለቤቱ ይከፍላል የሚል ነው። ይህ ብዙ አያስኬድም፤ ግብሩ ውሎ አድሮ በኪራይ ላይ መታየቱ አይቀርም፣ የትምህርት ቤቱ መታደስም የባለቤቱን ቤት ዋጋ ከፍ ያደርጋል። ሁለተኛው ግን ብርቱ ነው፤ መራጩ የሚያጸድቀውን የዕዳ ውል አያየውም ይላሉ። በሳን ዲዬጎ አውራጃ የሚገኘው የፖዌይ የትምህርት ወረዳ በ2011 ወደ 105 ሚሊዮን ዶላር ሲበደር ክፍያው ለሃያ ዓመት እንዲዘገይ አደረገ። ወለዱ በወለድ ላይ ተቆልሎ የሚመለሰው ገንዘብ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። የሚከፍሉት ያን ጊዜ ተማሪ የነበሩት ልጆች ናቸው። በ2013 የወጣ ሕግ እንዲህ ያለው ቦንድ ከ25 ዓመት እንዳይረዝም፣ ጠቅላላ ክፍያውም ከዋናው ብድር አራት እጥፍ እንዳይበልጥ ደነገገ። አራት እጥፍም ቢሆን ለእኔ ብዙ ነው።

ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ስለ በመቶኛው ሲከራከሩ ሌላው ጉድለት ይድበሰበሳል። የአንድ ዓይነት ተማሪ ቁጥር ያላቸው ሁለት ወረዳዎች አሉ እንበል፤ የአንዱ ንብረት ግምት 1 ቢሊዮን፣ የሌላው 10 ቢሊዮን ዶላር ነው። ሕጉ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን አጣምሮ የያዘ ወረዳ ከንብረቱ ግምት 2.5 በመቶ በላይ ዕዳ እንዳይይዝ ስለሚገድብ የመጀመሪያው 25 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 250 ሚሊዮን መበደር ይችላል። በድሃው ወረዳ መራጩ በሙሉ፣ መቶ በመቶ፣ እሺ ቢል እንኳ ይህን አይለውጠውም። የካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1971 በሴራኖ ክስ የልጅ ትምህርት በሰፈሩ ሀብት ሊወሰን አይገባም የሚል ሐሳብ ያንጸባረቀ ብይን ሰጥቶ ነበር፤ ከዚያ የተከተለው ማስተካከያ ግን በዋናነት የዕለት ተዕለት የማስተማሪያ ወጪን ነካ፣ ሕንፃው በወረዳው ንብረት ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ክፍለ ግዛቱ ከ1998 ወዲህ በዘረጋው ፕሮግራም ደግሞ ድጋፉ ከወረዳው መዋጮ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ለአዲስ ግንባታ ግማሹን፣ ለእድሳት 60 በመቶውን ይሰጣል። የራሱን ድርሻ ማምጣት የሚችል በቶሎ ይሰለፋል፤ የማይችል ለችግረኞች የተለየውን ደጅ ይጠናል።

በኅዳር 2024 የጸደቀው የ10 ቢሊዮን ዶላር የክፍለ ግዛት ቦንድ ይህን ለማረም ተንቀሳቅሷል። አነስተኛ ሀብት ላለው ወረዳ የክፍለ ግዛቱ የእድሳት ድርሻ ከ60 ወደ 65 በመቶ ከፍ ሊል ይችላል። ከላይ በምሳሌ ያነሣነው ባለ 25 ሚሊዮኑ ወረዳ እንግዲህ ከባለ 250 ሚሊዮኑ ጋር የሚስተካከለው በእነዚህ አምስት ነጥቦች ነው።