የድሮን ካሜራ ንዝረት በደጋ አየር

የድሮን ካሜራ ንዝረት በድሮን የተቀረጸ ምስል ሲንቀጠቀጥ፣ ሲሞገድ ወይም ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል የሚታይ ጉድለት ነው። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮፔለር፣ ሞተር፣ ጊምባል (ካሜራውን አረጋግቶ የሚይዘው ማንጠልጠያ) ወይም የካሜራው ቅንብር ይሆናል። እዚህ ጉዳዩ የሚታየው ከሉማሜ አንጻር ነው። ሉማሜ በምሥራቅ ጎጃም የአዋበል ወረዳ ከተማ ስትሆን ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። የአካባቢው ደጋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ስለሚሆን፣ የአምራቾች መመሪያ በአንድ መስመር የሚያልፈው የከፍታ ጉዳይ እዚህ ዋናው ነገር ነው።

የአየሩ መሳሳት

በ2,500 ሜትር ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር ባሕር ጠለል ላይ ከሚመዝነው 78 በመቶ ያህሉን ብቻ ይመዝናል። የድሮኑ ክብደት ግን አልቀነሰም። ስለዚህ ባለበት ረግቶ ለመቆም ፕሮፔለሮቹ 13 በመቶ ያህል ፈጥነው መሽከርከር አለባቸው። ሚዛኑ የተዛባ ፕሮፔለር የሚፈጥረው ግፊት ደግሞ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው፤ 13 በመቶ የፍጥነት ጭማሪ ግፊቱን 28 በመቶ ገደማ ያሳድገዋል። በጮቄ ተራራ 4,000 ሜትር ላይ የግፊቱ ጭማሪ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ጂቡቲ ወይም ዱባይ ላይ እንከን ያልታየበት ድሮን ሉማሜ ሲደርስ የሚንቀጠቀጠው ሁልጊዜ በመንገድ ስለተጎዳ አይደለም፤ ድሮም የነበረበት ትንሽ ጉድለት ጎልቶ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባም ከፍታዋ ከዚህ ብዙ ስለማይርቅ እዚያ ተሞክሮ የመጣ ድሮን ሉማሜ ላይ ያን ያህል ለውጥ አያሳይም።

አምራቾችም ይህን ያውቁታል። የዲጄአይ ኢንስፓየር 2 በተራ ፕሮፔለር የሚፈቀድለት ከፍታ 2,500 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 5,000 ሜትር ለመብረር ለከፍታ የተሠራ ሌላ ፕሮፔለር ይገጠምለታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ማቪክ ሚኒ ወሰኑ 3,000 ሜትር ስለሆነ ሉማሜ ላይ ይሠራል፣ ጮቄ አናት ላይ ግን ከወሰኑ ውጪ ነው። ይህ ወሰን የሚቆጠረው ከባሕር ጠለል እንጂ ድሮኑ ከተነሣበት መሬት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ጉድለቱን መለየት

በባለሙያዎች ዘንድ «ጄሎ» የሚባለው ምስሉ እንደ ውኃ ሲሞገድ የሚታየው ነው። የካሜራው ሴንሰር ምስሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ በንባቡ መካከል ካሜራው ከተነቀነቀ ቀጥ ያለ የመብራት እንጨት ተጣሞ ይወጣል። ለምሳሌ በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር ፕሮፔለር በሴኮንድ 100 ጊዜ ይነቀንቃል፤ ሴንሰሩ አንዱን ምስል አንብቦ ለመጨረስ የሴኮንድ ሃምሳኛ ከወሰደበት በእንጨቱ ላይ ሁለት ሞገድ ይታያል። አድማሱ ቀስ ብሎ ማዘንበሉ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ያ የጊምባል ካሊብሬሽን ወይም የነፋስ ጉዳይ ነው። ምስሉ እየቆመ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ንዝረት ከመፈለግ በፊት ሚሞሪ ካርዱን መቀየር ይቀላል።

ፍተሻው ከፕሮፔለር ይጀምራል። ባትሪው ወጥቶ የእያንዳንዱ ክንፍ ጠርዝ በጥፍር ይዳሰሳል፤ ጥፍር የሚይዘው ስንጥቅ ካለ ፕሮፔለሩ ይጣላል፣ በሙጫ አይጠገንም። ጤነኛ የሚመስለው ደግሞ በቀጭን ዘንግ ላይ ተሰክቶ የትኛው ክንፍ ወደ ታች እንደሚያደላ ይታያል፤ በቀለለው ክንፍ ጀርባ ላይ ትንሽ ስኮች መለጠፍ ሚዛኑን ያስተካክላል። ቀጥሎ ሞተሩ በጣት ቀስ ተብሎ ይዞራል። በአውድማ ሰሞን የጤፍ እብቅ በሞተሩ ክፍተት ይገባል፤ ከባዛልት ድንጋይ የተገኘው የአካባቢው አፈር ብረት አዘል ብናኝ ስላለው እሱም ከሞተሩ ማግኔት ላይ ይለጠፋል። ሲዞር የሚያሻክር ሞተር በብሩሽ ይጠረጋል፤ ዘይት መጨመር ብናኙን ይበልጥ ስለሚያጣብቅ አይመከርም። ከአውድማ ዳር በቀጥታ አለማስነሣትና ከታች ንጹሕ ሰሌዳ ማንጠፍ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ጊምባሉን ከድሮኑ አካል የሚያገናኙት ትንንሽ ላስቲኮች ናቸው፤ አንዱ ከቀዳዳው ወጥቶ ከሆነ ጄሎው ወዲያው ይታያል። በደጋው የጠዋት ብርድ ላስቲክ ስለሚደርቅ፣ ማለዳ የነበረ ንዝረት ረፋድ ላይ ሊጠፋ ይችላል።

የጊምባል አመጣጥ

ካሜራን ከድሮኑ አካል እንቅስቃሴ ነፃ የሚያደርገው የቀለበት ሥርዓት በማን እንደተፈለሰፈ አከራካሪ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን የነበረው የቢዛንጥዮኑ ፊሎን በየትኛውም ጎኑ ቢገለበጥ ቀለም የማያፈስ ባለ ስምንት ጎን ብልቃጥ እንደገለጸ ይነገራል። ክፍሉ የተረፈው በዐረብኛ ትርጉም በመሆኑ ግን ኋላ የተጨመረ ነው የሚሉ አሉ። ቻይናውያን በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ180 ገደማ፣ ዲንግ ህዋን የተባለ ሰው በቀለበቶች መካከል የተንጠለጠለ የዕጣን ማጤሻ መሥራቱን ያወሳሉ። (የእኛ ጽና በሰንሰለት ስለሚንጠለጠል ይወዛወዛል፤ ከዚህ ወገን አይደለም።) በ13ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው ቪላር ደ ኦንኩር ተመሳሳይ የእጅ ማሞቂያ ሥሏል። ስሙ በአውሮፓ የቀረው ግን ጣሊያናዊው ጄሮላሞ ካርዳኖ (1501–1576) ነው፤ እሱ ራሱ ፈልሳፊው ነኝ አላለም። ከሁሉ የቻይናውያኑ ማስረጃ የተሻለ ይመስላል። በሞተር የሚሠራው ባለ ሦስት ዘንግ ጊምባል በርካሽ ድሮን ላይ ተገጥሞ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው ፋንተም 2 ቪዥን ፕላስ ወዲህ ነው።

ብርሃንና ሸተር

የደጋ ፀሐይ ኃይለኛ ስለሆነ ካሜራው በራሱ ሲሠራ ሸተሩን ወደ 1/800 ወይም ከዚያ በላይ ያፈጥነዋል፤ ያኔ እያንዳንዱ ንቅናቄ ጥርት ብሎ ይቀረጻል። ኤንዲ 16 ፊልተር ብርሃኑን ወደ አሥራ ስድስተኛ ስለሚቀንስ ሸተሩ 1/50 ላይ ይወርዳል፣ ቀላል ጄሎም ይሸፈናል። በኤዲቲንግ ማረጋጋት አድማስን ያቃናል እንጂ የተጣመመውን የመብራት እንጨት እምብዛም አያስተካክለውም።

ፈቃድ

ካሜራ ድሮን ለማስገባትና ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ይጠየቃል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በነበረው ግጭት የጦር ድሮን ጥቃቶች መድረሳቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ዘግቧል፤ በመሆኑም ለሙከራ ተብሎ ከመንደር በላይ ማብረር ሰው ያስደነግጣል። የፕሮፔለር፣ የሞተርና የላስቲክ ፍተሻ ግን ከመሬት ሳይነሡ ቤት ውስጥ የሚያልቅ ነው።