ዜና መዋዕል ዘመርከበ ኢትዮጵያ፣ ከነፖስታዎቿ

ንጽሕፍ ዜናሃ ለሐመር እንተ ስማ ኢትዮጵያ። ማዕበል ከማይደርስበት፣ ከኮልፌ ቀራንዮ ተቀምጠን የባሕር ታሪክ መጻፋችን አይግረማችሁ፤ ምክንያቱን በቦታው ትሰሙታላችሁ።

በ1934 ዓመተ ምሕረት በሐምሌ ወር፣ ዓለም ሁሉ በጦርነት ሲታመስ፣ በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ሃውተን በሚባል ስፍራ፣ በሌክ ዋሽንግተን የመርከብ መሥሪያ ግንባታዋ ተጀመረ። በመስከረም 24 ቀን 1935 ከውሃ ገባች። በጥር 14 ቀን 1936፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ የጦር ሰንደቅ ተሰቀለባትና ለአገልግሎት በቃች። ስሟንም በአላስካ ባለ ወሽመጥ ስም ኦርካ አሏት፤ የዚህ ዓይነቶቹን መርከቦች በወሽመጥ ስም መጥራት የአገሩ ልማድ ነበርና። እኅትማማቾቹ በጠቅላላው 35 ነበሩ። የእርሷ ርዝመት ወደ 95 ሜትር፣ ወርዷም 12 ሜትር ተኩል ያህል ነበረ።

ሥራዋ ከውሃ ላይ ተነሥተው በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መጠበቅ ነው። ነዳጅና ቦምብ ትሰጣቸዋለች፣ የተሰበረውን ትጠግናለች፣ አብራሪዎቹን ታበላለች፣ ታሳድራለች፤ ዶሮ ጫጩቶቿን በክንፏ ሥር እንደምትሰበስብ ያለ ነው። ነገር ግን መድፍና የባሕር ሰርጓጅ መምቻ ቦምብ ስለነበራት፣ ሲያስፈልግ እንደ አጃቢ መርከብም ታገለግል ዘንድ የተሰናዳች ነበረች።

በኅዳር 1937 ፊሊፒንስ፣ ሌይቴ ደረሰች። በዚያም ራሳቸውን ከነአውሮፕላናቸው በመርከብ ላይ የሚጥሉት የጃፓን አብራሪዎች ሌትና ቀን አላስተኟትም። ኩፐር የተባለችው አጥፊ መርከብ በኦርሞክ ወሽመጥ በሰጠመች ጊዜ፣ ኦርካ የምትጠብቃቸው፣ ካታሊና የሚባሉት አውሮፕላኖች በጠላት ዓይን ፊት ከውሃ ላይ አርፈው የሚዋኙትን መርከበኞች አወጡ። ከዚያም ኦርካ ወደ ሊንጋየን ዘመተች። ስለ ጦርነቱ ሁሉ 3 የውጊያ ኮከብ ተሰጣት።

እነሆ ወደ ደብዳቤዎቹ ደረስን፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። በአሜሪካ ባሕር ኃይል እያንዳንዱ ትልቅ መርከብ የራሱ ፖስታ ቤትና ማኅተም ነበረው። ከጦርነቱ በፊት ማኅተሙ የመርከቡን ስም በክቡ ውስጥ ይዞ፣ ቴምብሩን በሚሰርዙት መስመሮች መካከል ደግሞ መርከቡ ያለበትን ወደብ ይናገር ነበር። ይህንንም የሚወዱ ሰዎች በዝተው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1932 የመርከብ ማኅተም ሰብሳቢዎች ማኅበር አቋቋሙ። ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ግን ስሙ ከማኅተሙ ወጣ። የመርከቡን ስምና ወደብ የያዘ ፖስታ ጠላት እጅ ቢገባ የሠራዊቱን መንገድ ይገልጣልና። የቀረው የባሕር ኃይሉ ስምና ቀኑ ብቻ ሆነ። መርከበኛውም በቴምብሩ ቦታ «ነፃ» ብሎ በእጁ ጽፎ ያለ ክፍያ ይልክ ነበር፤ መኮንኑ ደብዳቤውን አንብቦ የሳንሱር ማኅተም ይመታና ፊርማውን ያኖራል። ስለዚህ የኦርካን የጦርነት ዘመን ፖስታ የሚፈልግ ሰው በማኅተሙ አያገኛትም፤ በላኪው አድራሻ ላይ መርከበኛው የጻፈውን የመርከብ ስም ፈልጎ ያገኛታል። እንደ እኛ አስተያየት ከአሸበረቀው የመታሰቢያ ፖስታ ይልቅ ይህ ስም የለሹ ይበልጣል፤ ፍርሃቱም ትእዛዙም በላዩ ላይ ይነበባልና።

ከጦርነቱ በኋላ በጥቅምት 1940 ከአገልግሎት ወጣች፣ በታኅሣሥ 1944 ተመለሰች፣ በ1952 ደግሞ ዳግመኛ ጡረታ ገባች።

ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ማቋቋም ወደዱ። በ1948 ሥራው ተጀመረ፤ ምጽዋ ጦር ሰፈሩ ሆነ፣ በአስመራም የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተከፈተ፣ የኖርዌይ መኮንኖች መምህራን ሆነው መጡ። የንጉሠ ነገሥቱም የልጅ ልጅ ልዑል እስክንድር ደስታ በምክትል አዛዥነት ተሾሙ። በጥር 1954፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ኦርካ ለኢትዮጵያ ተሰጠች። ስሟም ኢትዮጵያ ተባለ፣ ቁጥሯ ኤ-01 ሆነ።

በዚሁ ወር በአዲስ አበባ የአፍሪካ ነጻነት ታጋዮች ጉባኤ ተሰበሰበ፤ ከደቡብ አፍሪካም ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም የሚጓዝ ሰው መጥቶ ተናገረ። እውነተኛ ስሙ ኔልሰን ማንዴላ ነው። በሰኔም ተመልሶ ወደዚህ ወደ ኮልፌ፣ ወደ ፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ገባና ጦር ትምህርት ተማረ፤ ሞርታር መተኮስ፣ ፈንጂ ማጥመድ፣ ረጅም ጉዞ። ሰፈሩን ያዝዝ የነበረው ታደሰ ብሩ ራሱ ያስተምረው ነበር። ትምህርቱ ለ6 ወር ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ሳይፈጸም ጓዶቹ ጠሩት፣ ታደሰም ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥቶ ሸኘው። ኮልፌ ሽጉጥ ሲተኩስ ምጽዋ መርከብ ሲቀበል፣ ዘመኑ አንድ ነበር፤ ይህን ነው በቦታው ትሰሙታላችሁ ያልነው።

መርከቢቱ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ትልቋ ሆነች፤ ወጣት ካዴቶች ባሕር የተማሩባት እርሷ ናት። በምጽዋ በየዓመቱ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀንም የውጭ አገር የጦር መርከቦች በእንግድነት ይመጡ ነበር።

በ1967፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ደርግ ነገሠ። በኅዳር 14 ቀን ልዑል እስክንድር ደርግ ከገደላቸው መካከል ሆኑ፤ በመጋቢትም ታደሰ ብሩ ተገደለ። የሁለቱ መንገድ በብዙ ነገር የተለያየ ነበር፤ ዓመቱ ግን ሁለቱንም ወሰደ።

በየካቲት 1982 ሻዕቢያ ምጽዋን ያዘ። በግንቦት 1983 መንግሥቱ ሲፈርስ የባሕር ኃይሉ መርከቦች እያንዳንዳቸው ወደሚችሉት ወደብ ሸሹ፤ መርከቢቱ ኢትዮጵያም ወደ የመን ተጓዘች። ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ብረቷ በእጅ የሚያዝ አይደለም። ፖስታዋ ግን የሚገዛ ነው። ወደ አገልግሎት የገባችበትን ጥር 14 ቀን 1936ን የያዘ ፖስታ ስሟን በማኅተሙ አይናገርም፤ ከ1944 እስከ 1952 ባለው ዘመን ደግሞ የመርከቦቹ ስም ወደ ማኅተም ተመልሶ ነበርና ኦርካ የሚለው በግልጽ ይነበባል። የአሜሪካኑን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ የሚያነብ ሰብሳቢ፣ ከ1952 በኋላ በሆነ ቀን የተመታ የኦርካ ማኅተም ካየ ይጠርጥር፤ መርከቢቱ በዚያ ጊዜ ከአገልግሎት ወጥታ ነበርና።